ቀስቷን ተዉትና ውሳኔዋን እዩ

ውድ ወጣት ጸሐፊዎች፣

በአርታኢነት ሥራዬ ከእናንተ በሚደርሱኝ ረቂቆች ውስጥ አንዲት ልጅ ደጋግማ ትመጣብኛለች። ዘመኑ ገና ያልመጣ ነው፤ ከተማው ፈራርሷል፤ መንግሥቱ ሰው በላ ነው። ልጅቱ ግን አትፈራም፣ አታለቅስም፣ አይርባትም፤ ዐሥር ወታደር ብቻዋን ዘርራ ትሄዳለች። ሴት ጀግና ለመሳል መነሣታችሁ ያስደስተኛል። ነገር ግን ስሟን አውጥቼ «ዳዊት» ብዬ ብተካው በታሪኩ ውስጥ የሚናጋ ነገር ከሌለ፣ ሴት መሆኗ ምን ፈየደ?

ብዙዎቻችሁ የምትከተሉት የደራሲዋን የሱዛን ኮሊንስን ቀስተኛ ገጸ ባሕርይ፣ ካትኒስ ኤቨርዲንን እንደሆነ ያስታውቃል። እስቲ በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመውን «ዘ ሀንገር ጌምስ»ን እንደገና ክፈቱት፤ ፊልሙን ሳይሆን መጽሐፉን። አባቷ በከሰል ማዕድን ፍንዳታ ሞተ። እናቷ በሐዘን ደንዝዛ ቤቱን መምራት አቃታት። ካትኒስ ከመንደሩ አጥር ሾልካ ማደን የጀመረችው ጓዳው ባዶ ስለሆነ ነው። መንግሥት ልጆችን እርስ በርስ ለሚያጋድልበት የሞት ጨዋታ በሚጣለው እጣ የታናሽ እህቷ የፕሪም ስም ሲወጣ በፈቃዷ የተተካችውም ያው የለመደችው የቤተሰብ ኃላፊነት ገፍቷት ነው። አብሯት እጣ የወጣበት የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ፒታ ደግሞ ኬክ ያስጌጣል፣ በአንደበቱ ሰው ይማርካል፣ ፍቅሩን በአደባባይ ይናገራል። ቆስሎ ወንዝ ዳር ሲደበቅ እንኳ ጭቃና ቅጠል ተቀብቶ ከመሬቱ ጋር የተመሳሰለው በኬክ ማስጌጥ ሙያው ነው። ደራሲዋ የሴትንና የወንድን ድርሻ እንዲህ ስታገላብጠው አንድም ስብከት አልሰበከችም።

እኔ አብልጬ የምወደው ግን በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣውን ሦስተኛውን መጽሐፍ ነው። እዚያ ካትኒስን የሚጠቀሙባት የራሷ ወገኖች ናቸው። ልብስ አልብሰው፣ ካሜራ ደቅነው በአምባገነኑ መንግሥት ላይ ለተነሣው አመፅ ማስታወቂያ ያደርጓታል። የአመፁ መሪ አልማ ኮይን ሴት ናት። ድል ከተገኘ በኋላ የጠላትን ልጆች ወደዚያው የሞት ጨዋታ ልታስገባ ሐሳብ ታቀርባለች፤ የካትኒስ ፍላጻም የወደቀውን አምባገነን ትቶ ኮይን ላይ ያርፋል። ሴት ሥልጣን ላይ ወጣች ብላችሁ ታሪካችሁን በእልልታ የምትዘጉ ልጆች፣ ይህን ምዕራፍ ሳታነቡ አትጻፉ።

አሁን ደግሞ መሣሪያ ወደሌላት ሴት ልውሰዳችሁ። የማርጋሬት አትውድ «ዘ ሃንድሜይድስ ቴል» በ1985 እ.ኤ.አ. ታተመ። መጽሐፉ በሚስላት ጨቋኝ አገር በጊልያድ የሴቶች ውርደት የሚጀምረው በጅራፍ አይደለም፤ በባንክ ሒሳብ ነው። በአንድ ቀን የሴቶች ሒሳብ ይታገዳል፣ ከሥራ ይባረራሉ፣ ገንዘቡ ለባል ወይም ለቅርብ ወንድ ዘመድ ይሆናል። የተራኪዋ ባል ሉክ ክፉ ሰው አይደለም። እኔ አለሁልሽ ብሎ ያጽናናታል። እሷ ግን በዚያው ቅጽበት ነገሩ ብዙም እንዳልከነከነው፣ ምናልባትም ደስ ሳይለው እንዳልቀረ ትጠረጥራለች። እኔን የሚያስፈራኝ ከወታደሮቹ ይልቅ ይህ ጥርጣሬ ነው። ተራኪዋ ልጅ እንድትወልድ የተመደበችበት ቤት እመቤት ሴሪና ጆይም አለች፤ ሴት ቤቷ ትቀመጥ እያለች በየመድረኩ ስትሰብክ ኖራ፣ ስብከቷ ሕግ ሲሆን እሷም ቤት ውስጥ ተዘግታ ቀረች።

ታዲያ የተራኪዋ ጀግንነት ምኑ ላይ ነው? ቅባት ስለተከለከለች ከምግቧ ላይ ቅቤ ቆጥባ ጫማዋ ውስጥ ትደብቅና ፊቷንና እጇን ትቀባለች። (ቅቤን ለውበት መቀባት ለእኛ ብርቅ አይደለም፤ እንዲህ ተደብቆ ሲቀቡት ግን ሌላ ነው።) አንድ ቀን ከዚህ እወጣለሁ የሚል ተስፋዋ በዚያች ቁራጭ ቅቤ ላይ ነው ያለው። ከዐሥር የተኩስ ትዕይንት ይህች ትበልጥብኛለች።

አትውድ በታሪክ አንድ ቦታ ያልተፈጸመ ነገር በመጽሐፏ እንዳላስገባች ተናግራለች። እናንተም ጭቆናን ከባዶ ለመፍጠር አትድከሙ፤ የሕግ መጻሕፍትን አገላብጡ። የሮማኒያ መንግሥት በ1966 እ.ኤ.አ. ፅንስ ማስወረድን በአዋጅ ሲከለክል የሴትን ማሕፀን የመንግሥት ጉዳይ አድርጎት ነበር። የእኛው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም ባልን የቤተሰብ አለቃ አድርጎ ሚስት እንድትታዘዘው ያዝ ነበር፤ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የወጣው በ1992 ዓ.ም. ነው። እናቶቻችሁንና አያቶቻችሁን ጠይቁ፤ ከዚያ ሕግ ሥር የኖሩ ሴቶች ገንዘባቸውን የት ይደብቁ እንደነበር ይነግሯችኋል።

ስለዚህ ቀጣዩን ረቂቅ ስትልኩልኝ ጥቂት ነገር እፈልጋለሁ። ልጅቱ ብሯን ማን እጅ ላይ ነው የምታስቀምጠው? በምሽጉ ውስጥ እንጀራውን ማን ይጋግራል፣ ማንስ ቀድሞ ይበላል? የወር አበባዋ ሲመጣ ምን ታደርጋለች? ወገኖቿ የማትፈልገውን ሲያዝዟትስ? እነዚህን ከጻፋችሁ በኋላ ቀስቱን ብትጨምሩበት አልቃወምም።