ጀግናዋ ማንን ትምረጥ በሚለው ለምትከራከሩ ወጣት አንባብያን

ውድ ወጣት አንባብያን፣

በመጻሕፍት አርትዖት ሥራ ረጅም ዘመን መቆየቴን የሰማች አንዲት የንባብ ክበብ አባል ሰሞኑን አንድ ጥያቄ አቀረበችልኝ። በፋንታሲ፣ ማለትም አስማትና ምናባዊ ዓለም ባለበት ልብ ወለድ ውስጥ ጀግናዋን ሁለት ወንዶች ሲፈልጓት፣ ደራሲው አንባቢ የሚመኝላትን ሊሰጣት ይገባል ወይስ እንደ ፈቀደ ሊያደርግ ይችላል? ክበቡ በዚሁ ጉዳይ ለሁለት ተከፍሎ እስከ መኳረፍ መድረሱንም ነገረችኝ። ጥያቄው አንድ ያልታተመ ረቂቅ ስላስታወሰኝ መልሴን ከእርሱ እጀምራለሁ።

በደርግ ዘመን፣ በአንድ አሳታሚ ድርጅት ውስጥ አራሚ ሆኜ ሥራ በጀመርኩበት ወቅት፣ ከክፍለ ሀገር የመጣች አንዲት መምህርት በጽሕፈት መኪና የተመታ ወፍራም ረቂቅ ለድርጅቱ አስረከበች። የካርቦን ቅጂ ስለ ነበር ፊደሎቹ ደብዝዘው «ለ»ን ከ«ሰ» ለመለየት ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ማስጠጋት ያስፈልግ ነበር። ታሪኩ የሚፈጸመው በጣና ሐይቅ ላይ ነው። አንዲት ልጅ በውኃው ሥር ያለውን መንግሥት ድምፅ ትሰማለች፤ ወደዚያ የወረደ ሰው ግን በሐይቁ ሥር ባደረ ቁጥር በምድር ከሚያውቃቸው ሰዎች የአንዱን ስም ይረሳል። ከላይ አንድ ታንኳ ቀዛፊ ይጠብቃታል፤ ከሥር ደግሞ የሐይቁ ንጉሥ ልጅ ይጠራታል። መምህርቷ ለሁለቱም ሳታዳላ ስለ ጻፈች፣ እኔ ራሴ እያረምኩ አንድ ቀን ለቀዛፊው፣ በማግስቱ ለልዑሉ እወግን ነበር። በመጨረሻው ምዕራፍ ልጅቱ ከውኃው ወጥታ ታንኳው ላይ ትቀመጣለች። ቀዛፊውን ትወደዋለች፤ ስሙ ግን ጠፍቶባታል። ሊነግራት አፉን ሲከፍት በእጇ አፉን ትይዘዋለች፤ ከዚያም ታንኳው ዳር ሲደርስ ወርዳ ወደ እናቷ ቤት ብቻዋን ትሄዳለች።

ገምጋሚዎቹ በመጨረሻው ገጽ ኅዳግ ላይ በቀይ እርሳስ «ይጋቡ» ብለው ጻፉበት። አንባቢ ያለ ሠርግ አይረካም የሚል እምነት ነበራቸው። መምህርቷ ገጹን ረጋ ብላ አይታ፣ «ካገባችው ሐይቁ የወሰደባት ነገር ምን ሊሆን ነው?» ስትል ጠየቀች። የመለሰላት አልነበረም፤ ረቂቁን በጋዜጣ ጠቅልላ ሄደች። እኔ እስከማውቀው ድረስ መጽሐፉ አልታተመም። ዛሬም ድረስ የሚቆጨኝ ያ ታሪክ እንደ እናንተ ያለ አንባቢ ሳያገኝ መቅረቱ ነው፤ ስለ ቀዛፊውና ስለ ልዑሉ ተከራክሮ የሚኳረፍለት ክበብ አልነበረውም።

የመምህርቷን ጥያቄ ለእናንተም አቀርበዋለሁ። በፋንታሲ ውስጥ ፍቅር ክብደት የሚያገኘው፣ ደራሲው ለዓለሙ ያወጣው ሕግ ፍቅረኞቹን ሲነካቸው ነው። የእንግሊዛዊው ደራሲ የቶልኪን የፋንታሲ ልብ ወለድ «የቀለበቶቹ ጌታ» ለዚህ ምስክር ይሆነኛል። በመጀመሪያዎቹ ረቂቆች፣ በኋላ ንጉሥ የሚሆነው ጀግና አራጎርን እንዲያገባት የታሰበችው ጦረኛዋ ኤዎዊን ነበረች፤ ከማይሞት ዘር የተወለደችው አርዌን ወደ ታሪኩ የገባችው ዘግይታ ነው። የእርሷና የአራጎርን የፍቅር ታሪክም እ.ኤ.አ. በ1955 በታተመው ሦስተኛው ቅጽ መጨረሻ፣ በአባሪው ውስጥ ነው የሚገኘው። ብዙ ወጣቶች ይህን እንደ ጉድለት ይቆጥሩታል። እኔ ግን አርዌን እርሱን ስትመርጥ የወገኖቿን ዘላለማዊ ሕይወት ትታ ሞትን መቀበሏን ሳስብ፣ በብዙ ምዕራፎች ከተዘረዘረ መሽኮርመም ይልቅ እነዚያ ጥቂት ገጾች ይበልጡብኛል። ኤዎዊን በመጨረሻ ሌላውን የጦር መሪ ፋራሚርን ማግባቷ ማጽናኛ ብቻ ነው በሚለውም አልስማማም፤ በጦር ሜዳ ሞትን ስትፈልግ የነበረች ሴት ለመኖር መወሰኗ በታሪኩ ውስጥ ካሉት ትልልቅ ለውጦች አንዱ ነው።

የሃሪ ፖተር ደራሲ ጄ. ኬ. ሮውሊንግም የመጨረሻው መጽሐፍ ከወጣ ከሰባት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ቃለ ምልልስ፣ የሃሪን ሁለት ጓደኞች ሄርማዮኒንና ሮንን ያጣመረችው ከራሷ ምኞት ተነሥታ መሆኑን ተናግራለች። ይህን በክርክር መካከል እንደ ፍርድ ቤት ውሳኔ የምታነሡ አላችሁ። ደራሲ ከኅትመት በኋላ የሚናገረው እንደ አንድ አንባቢ ሐሳብ ይደመጥ፤ ማስረጃው በገጹ ላይ ያለው ነው።

ይህን ሁሉ ብዬም የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ በሰማሁ ቁጥር በዛብህ እንዲተርፍ እመኛለሁ። ፍጻሜው ትክክል መሆኑን እያወቅሁ፣ ቢለወጥ ደስ ባለኝ ነበር። ስለዚህ ለምትወዱት ገጸ ባሕርይ ስትሟገቱ «ልጅነት ነው» የሚላችሁን አትስሙ። የምወቅሳችሁ በችኮላችሁ ነው፤ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ሳትደርሱ ቡድን መርጣችሁ፣ የቀረውን መጽሐፍ ለቡድናችሁ ማስረጃ ለመልቀም ታነባላችሁ። በእኛ ጊዜ መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ስለ ነበር ተራው እስኪደርሰን ስንጠብቅ፣ ሳንወድም ቢሆን ትዕግሥት ተምረናል።

በቴሌግራም ምዕራፍ በምዕራፍ የምትጽፉ ደግሞ፣ «ከማን ጋር ትሁን?» ብላችሁ ድምፅ ከማሰጠታችሁ በፊት የመጨረሻውን ምዕራፍ ጽፋችሁ ጨርሱ። ድምፁ ሌላ ቢወጣም ያንን ምዕራፍ እንዳለ አውጡት፤ አንባቢዎቻችሁ ይቆጡ፣ ይጻፉላችሁ፣ እናንተም አንብቡላቸው። ለጠየቀችኝ ልጅም የምላት ይህን ነው፦ በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ሁለቱም ወገኖች፣ ጀግናዋ የእነርሱን ሰው ብትመርጥ ምን እንደምታጣ ከመጽሐፉ ገጽ ጠቅሰው ያስረዱ፤ የተባለውንም ጽፈሽ ላኪልኝ።