ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ለምትወርዱ የጂኦሎጂ ተማሪዎች

ልጆቼ፣

የመጀመሪያ የመስክ ጉዟችሁ ወደ አባይ ሸለቆ መሆኑን ስሰማ ደስ አለኝ። ከጎሃ ጽዮን አፋፍ እስከ ድልድዩ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከእሳተ ገሞራ ከፈሰሰው ባዛልት ተነሥታችሁ፣ የላይኛውን አሸዋ ድንጋይ፣ ኖራ ድንጋዩንና ጄሶውን አልፋችሁ፣ ከሁሉም በታች ያለውን አሮጌ አሸዋ ድንጋይ በአንድ ቀን ትረግጣላችሁ። ጤፍ የሚዘራበት ደጋም እግራችሁ ሥር ወደ ማሽላ ቆላ ይለወጣል።

ኖራ ድንጋዩ ዘንድ አትቸኩሉ። አሲድ ጠብ ሲያደርጉበት ይፈላል፤ እሱን አይታችሁ አትለፉ፣ ተንበርክካችሁ በሌንስ ፈልጉ። በጁራሲክ ዘመን አገሩን ሸፍኖት የነበረው ባሕር ዛጎሎቹን እዚያ ትቷል። ጄሶው ግን አይፈላም፣ በጥፍር ይጫራል። ይህን ልዩነት ጣታችሁ ቢይዘው ከማንኛውም ንባብ በላይ አይረሳም።

ከድንጋዩ እኩል አደራ የምላችሁ ግን በላዩ ስለሚኖረው ሰው ነው። በወጣትነቴ እዚያው ቁልቁለት ላይ ስሠራ፣ አንድ አዛውንት ገበሬ ከማሳቸው በላይ ያለው ምንጭ ቦታ መቀየሩንና የካባቸው ድንጋይ ወደ ገደሉ ማዘንበሉን ደጋግመው ነገሩኝ፤ እኔ የድንጋይ ንብብሩን ዝንባሌ ለመለካት ቸኩዬ ስለነበር አልጻፍኩትም። በቀጣዩ ክረምት ማሳው ከነካቡ ተንሸራተተ። ሰው አልተጎዳም፤ ነገር ግን ቃላቸው በማስታወሻዬ ውስጥ አለመኖሩ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ውኃ በባዛልቱ ስንጥቅ ገብቶ ከሥሩ ያለውን ሸክላማ አፈር ሲያርሰው ቁልቁለቱ እንደሚላላ ተምሬ ነበር፤ የት እንደጀመረ ያዩት ግን እሳቸው ነበሩ። እናንተም አስፋልቱ የተሰነጠቀበትን ቦታ ስታዩ፣ ኮምፓስ ከማውጣታችሁ በፊት በአቅራቢያው የሚያርሰውን ሰው ጠይቁ።

ስትጠይቁም በወጉ ይሁን። በጎሃ ጽዮን በኩል የኦሮምኛውን ሰላምታ፣ ከድልድዩ ማዶ በደጀን በኩል የአማርኛውን አስቀድሙ፤ በመቃብር፣ በጠበልና በሰው ካብ ላይ መዶሻ አታንሡ። በማስታወሻችሁ በግራ ገጽ ንብብሩን፣ በቀኝ ገጽ የአካባቢው ሰው ለዚያ ገደልና ለዚያ ምንጭ ያወጣውን ስም ጻፉ። ካርታችሁ ሲጠናቀቅም አንዱን ቅጂ ለቀበሌው አድርሱ፣ ስሞቹም ሰዎቹ እንደሚጠሯቸው ይጻፉበት።