ያፈረበትን ሥዕል ልጄ ይቅደደው?

ጥያቄ፦ የ12 ዓመት ልጄ ከትንሽነቱ ጀምሮ ባቡር፣ ባጃጅ፣ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ሲሥል ነው ያደገው። ሰሞኑን ግን «የሕፃን ሥራ ነው፣ ያሳፍራል» ብሎ ደብተሮቹን ሊቀዳድድ ተነሣ። አዲስም አይሥልም። ምን ላድርግ?
እናት፣ ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ ደብተሮቹ እንዳይቀደዱ፤ እርስዎ ጋ ይቀመጡ። ከ9 እስከ 12 ዓመት ባለው ዕድሜ ብዙ ልጆች መሣል የሚተዉት ችሎታቸው ስላነሰ ሳይሆን ዓይናቸው እጃቸውን ስለቀደመው ነው። ያኔ ሐዲዱን በሁለት ትይዩ መስመር ሠርቶ ይደሰት ነበር፤ ዛሬ ሐዲዱ እየራቀ ሲሄድ እንደሚጠብ ያያል፣ እጁ ግን ገና አልደረሰበትም። ይህን የሚያይ ዓይን ያወጣው ደግሞ እነዚያኑ ደብተሮች ሲሞላ ነው።

«ያምራል እኮ» ብለው አይከራከሩት፣ አያምንዎትም። ይልቅ «የቱ ጋ ነው ያልወደድከው?» ብለው ይጠይቁት። «ጎማው» ካለ፣ እሱም ክብ ስለሆነ በሲኒ ይጀምር። የሲኒ አፍ ከላይ ሲያዩት ክብ ነው፤ ከጎን ጠፍጠፍ ይላል፤ ከዓይን ትክክል ሲሆን ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ይቀራል። ሦስቱንም ለስለስ ባለው በቱ ቢ (2B) እርሳስ፣ በ15 ደቂቃ ይሥል። ላጲስ አይስጡት፦ የሳተው መስመር ካልጠፋ ቀጣዩን ወዴት እንደሚያርም ያሳየዋል። ርቀትን ለመለማመድ ከዚራ ሰፈር ይውሰዱት። ድሬዳዋ ባቡር በ1902 እ.ኤ.አ. ሲደርስ በፕላን የተቆረቆረች ስለሆነች፣ ቀጥ ያሉት የከዚራ መንገዶች ከነዛፎቻቸው ለዚህ የተመቹ ናቸው።

ከሦስት ወር በኋላ ያንኑ ሲኒ ከዚያው ወንበር ላይ ሆኖ ይድገመው፤ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርገው ለእሱ ብቻ ያሳዩት። እንግዳ ወይም ወንድምና እህት ፊት ከሆነ ነገሩ ፈተና ይሆንበታል።

አቀማመጡን በተመለከተ፣ ቀኑን ከጀርባው በእርሳስ ይጻፉ፤ እስክሪብቶ ወደ ፊት ያሳልፋል። ፕላስተር አይለጥፉበት፣ ቢጫ ሆኖ ወረቀቱን ያበላሻል። የእርሳስ ሥዕል እንዳይደበዝዝ በየመካከሉ ንጹሕ ወረቀት ያስገቡ። ፌስታል እርጥበት ያፍናል፣ ካርቶን ይሻላል፤ ግን ምስጥ ስላለ መሬት ላይ አይቀመጥ። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ቆጥም አይሆንም፤ የድሬዳዋ ሙቀት ወረቀቱን ያደርቀውና ሲነኩት ይሰባበራል። በስልክ ፎቶ የሚያነሡት ከሆነ በጥላ፣ ያለ ፍላሽ፣ ስልኩን ከወረቀቱ ትክክል ይዘው ያንሡ። እሱ ካልፈቀደ ግን ቴሌግራም ላይ አይለጥፉት።