መልስ፦ የልጄ ሮቦት ቤት አሪፍ ይሄዳል ውድድር ላይ ግን ሳይደርስ ይቆማል

እህቴ አይዞሽ፣ ሮቦቱ ኦቶኖመስ ላይ (ማንም ሳይነዳው ራሱ በሚሄድበት ክፍል) አንዳንዴ ሳይደርስ ይቆማል ያልሽው የኛም ልጆች አምና ያለቀሱበት ነገር ነው። ፈርስት ቴክ ቻሌንጅ በሚባለው የተማሪዎች የሮቦት ውድድር ላይ መጀመሪያ 30 ሰከንድ ሮቦቱ በኮዱ ብቻ ነው የሚሄደው፣ ከዛ 2 ደቂቃ ልጆቹ ራሳቸው ይነዱታል፣ እና ኮዱ ለሁለት ሰከንድ ወደፊት ሂድ ተብሎ በጊዜ ከተጻፈ ባትሪው ሲዳከም ሞተሩም ስለሚዘገይ በዛው ሁለት ሰከንድ የሚሄደው መንገድ ያጥራል ማለት ነው። ሞተሩ ላይ ያለውን ኢንኮደር የሚባል ሴንሰር እንዲጠቀም ንገሪው፣ እሱ ጊዜ ሳይሆን የሞተሩን ዙር ነው የሚቆጥረው። የኛዎቹ ከዛ ወዲህ ባትሪዎቹ ላይ ቴፕ ለጥፈው ቁጥር ጻፉባቸው፣ ከየጨዋታው በፊት ፉል ቻርጅ የሆነውን ብቻ ነው የሚያስገቡት።

ሮቦቱ ጨዋታ መሀል ድርቅ ብሎ ከቆመ ግን ልጆቹ ኮዱን ከመንካታቸው በፊት ገመዱን ይዩ፣ ብዙ ጊዜ የላላ ሶኬት ነው፣ ቅዳሜ ጠዋት አንድ በአንድ በጣታቸው ጫን ጫን ያድርጉት። የሮቦቱን ሳይዝም ቤት ይለኩት፣ ሲጀምር በሁሉም በኩል ከ18 ኢንች ማለፍ የለበትም፣ ኢንስፔክሽን ላይ፣ ማለትም ከውድድሩ በፊት ሮቦቱ ሲፈተሽ፣ ይታያል።

ልጄ ዝምተኛ ነው ዳኞች ፊት ምን ይላል ላልሽው፣ በናትሽ የተሸመደደ ነገር አታስጠኚው። የተሰበረውን የሮቦቱን ክንድ አሳይቶ እንዴት እንዳስተካከሉት በራሱ አፍ ይንገራቸው፣ ዳኞቹ እሱን ነው መስማት የሚፈልጉት፣ የኛ አይናፋር ልጅ በዚህ ነው አፏ የተፈታው።

መከላከያ መነጽር ለሁሉም ያዙ፣ ቀኑ ረጅም ነው ምግብም ቋጥሪላቸው።