ወደ ውስጥ ለሚያዘነብል እግር የሚሆን የመሮጫ ጫማ

ከለገጣፎ ወደ ሰንዳፋ በሚወስደው አስፋልት ዳር እንደሚሮጡ፣ እግርዎ ከመጠን በላይ ወደ ውስጥ ስለሚያዘነብል የቀኝ ቅልጥምዎ ውስጠኛ ጎን እንደሚያምዎት ገልጸው፣ ከሰልባጅ ተራ ጠንካራ ደጋፊ ጫማ ቢገዙ ይሻል እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔም ሱሉልታ የምሮጥ፣ እግሬም እንደ እርስዎ የሚያዘነብል በመሆኑ ያየሁትን ልንገርዎ።

እግር መሬት ሲረግጥ በመጠኑ ወደ ውስጥ ማዘንበሉ ጉልበትን ከንዝረት የሚያድን ተፈጥሯዊ እንቅስቃሴ ስለሆነ፣ ጫማው እንዲያለዝበው እንጂ ጨርሶ እንዲያስቀረው አይጠበቅም። በመሆኑም መጠነኛ ድጋፍ ካለው ጫማ እንዲጀምሩና ጠንካራውን መጠነኛው ካልበቃዎ ብቻ እንዲሞክሩ እመክራለሁ። ድጋፉ ከንቱ ነው የሚሉም አሉ፤ ሆኖም በሉክሰምበርግ በ372 ሯጮች ላይ ለ6 ወራት ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት፣ እግራቸው ወደ ውስጥ የሚያዘነብል ሯጮች በደጋፊ ጫማ ሲሮጡ ጉዳታቸው መቀነሱን አሳይቷል።

የሰልባጁ ጉዳይ ግን በጣም ያሳስበኛል። በብዙ ደጋፊ ጫማዎች እግራችንን የሚደግፈው በሶሉ ውስጠኛ ጎን ያለው ጠጠር ያለ ስፖንጅ ነው፤ የቀድሞው ባለቤት እግርም የሚያዘነብል ከነበረ አስቀድሞ የሚሟሽሸው ይኸው ክፍል ነው። ነጋዴው አጥቦ ስለሚያሳምረው ከላይ ሲያዩት አዲስ ይመስላል። ስለዚህ ጫማውን ለጥ ባለ ነገር ላይ አስቀምጠው ከኋላው ጎንበስ ብለው ይመልከቱት፤ ተረከዙ ወደ ውስጥ ካጋደለ ይተዉት። ቀጥሎም የሶሉን ውስጠኛ ጎን በአውራ ጣትዎ ይጫኑት፤ ከውጭኛው ጎን ይልቅ ከለሰለሰ ወይም ተደራራቢ ሽብሽብ ካለበት ዕድሜው አልቋል። የተረከዙ ውጭኛ ጠርዝ በመጠኑ መበላቱ በአብዛኛው ሯጭ ላይ የሚታይ ስለሆነ አያስደንግጥዎ።

አሲክስ ጄል ካያኖ፣ አሲክስ ጂቲ 2000 እና ብሩክስ አድሬናሊን ለእኛ ዓይነት እግር የተሠሩ ናቸው፤ ነገር ግን ስማቸውን ብቻ አይተው አይግዙ። ለምሳሌ ካያኖ እ.ኤ.አ. በ2023 ከወጣው ሠላሳኛ እትም ጀምሮ ያንን ጠጣር ክፍል ትቶ በሌላ የድጋፍ ዘዴ ስለሚሠራ፣ አሮጌውና አዲሱ እግር ላይ የሚሰጡት ስሜት የተለያየ ነው። ሁለቱንም እግር ለክተው፣ የሚሮጡበትን ካልሲ አድርገው ጥቂት ሮጥ ሮጥ ይበሉ፤ ጫማው የእግርዎን ቅስት ከወጋዎ፣ ‘በኋላ ይለምዳል’ ብለው አይውሰዱት።

ሕመሙ ቀኝ እግር ላይ ብቻ መሆኑ ግን ከጫማው በፊት መንገዱን እንድጠረጥር ያደርገኛል። መኪና ፊት ለፊት ለማየት ግራውን ዳር ይዘው የሚሮጡ ከሆነ፣ አስፋልቱ ውሃ እንዲያፈስ ወደ ዳር ስለሚያዘቀዝቅ ከፍ ያለውን የሚረግጠው ቀኝ እግርዎ ይበልጥ ወደ ውስጥ ያዘነብላል። ለጥቂት ሳምንታት ልምምድዎን ወደ ሜዳ ወይም ወደ ደልዳላ ፒስታ መንገድ ቀይረው ለውጡን ይከታተሉ። አጥንቱ ላይ አንድ ቦታ ሲነኩት ለይቶ የሚያምዎትና እረፍት ላይም የማይተውዎ ከሆነ ግን የጫማውን ግዢ አቆይተው አስቀድመው ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ።