ዲስክ ፍሬን ለሌለው ሳይክል ማውንት ማስበየድ ይቻላል ወይ?

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦ «ጋሼ፣ ሽሮሜዳ ነው የምኖረው። ባለ 26 አሮጌ የብረት ማውንቴን ሳይክል አለኝ፣ ፍሬኑ ቪ ብሬክ ነው። ክረምት ላይ ከእንጦጦ ስወርድ ቸርኬው ከረጠበ ፍሬኑ አይዝም፣ የኋላው ቸርኬ ደግሞ በፍሬን ተበልቶ ሳስቷል። አሁን ባለዲስክ የኋላ ሞዞ (የጎማው መሀል)፣ ባለ 160 ሚሊ ዲስክና በካቮ የሚሰራ ካሊፐር (ዲስኩን የሚነክሰው ክፍል) አግኝቻለሁ፣ ግን ፍሬሜ ላይ ካሊፐሩን የማስርበት ቦታ፣ ማውንት የሚሉት፣ የለም። የሰፈራችን በያጅ አምጣው የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው ይላል። ላስበይደው? የፊቱንስ አብሬ ላሰራ?»

ወንድሜ፣ የኋላውን አዎ፣ የፊቱን በጭራሽ። የአምስት ደቂቃውን ወሬ ደግሞ እርሳው። ብየዳው እውነት አምስት ደቂቃ ሊሆን ይችላል፣ ከሱ በፊት ያለው ማስተካከል ግን ግማሽ ቀን ይበላል፣ ሥራው ያለው እሱ ላይ ነው።

ከፊቱ ልጀምር፣ ሰው የሚጎዳው እዛ ጋ ስለሆነ። ፍሬን ስትይዝ ክብደትህ ወደ ፊት ስለሚሄድ ትልቁን ሥራ የሚሰራው የፊት ፍሬን ነው። ለቪ ብሬክ የተሰራ ፎርክ ያንን ጉልበት ላይኛው ወፍራም ቦታ ላይ ነው የሚቀበለው፣ ሁለቱ እግሮቹም ይካፈሉታል። ዲስክ ካሰርክበት ግን ሁሉም ጉልበት የግራ እግሩ ታችኛው ጫፍ ላይ ይወርዳል፣ ያ ቦታ ደግሞ ከፎርኩ ሁሉ ቀጭኑ ነው። ሌላም አለ፣ ካሊፐሩ ከእግሩ ኋላ ስለሚቀመጥ ዲስኩን ሲይዘው ፔርኖውን፣ የጎማውን የመሀል ዘንግ፣ ወደ ታች ይገፋዋል፣ ማለት ጎማው ከፎርኩ በሚወጣበት አቅጣጫ፣ ዳዶው ወይም ኩዊክ ሪሊዙ ላላ ካለ ቁልቁለት ላይ ጎማህ ጥሎህ ይሄዳል። ስለዚህ የፊቱን ዲስክ ከፈለግክ ከፋብሪካው ማውንት ያለው ያገለገለ ፎርክ ፈልግ፣ አንገቱ ከፍሬምህ ጋር አንድ መሆኑን ለክተህ ግዛ፣ አብዛኛው ማውንቴን 28.6 ሚሊ ነው። እስከዛ ቪ ብሬኩ ላይ አዲስ የጎማ ሸራ አስገባለት፣ ቸርኬውን በአልኮል አጽዳው፣ ልዩነቱን ራስህ ታየዋለህ።

ሁለተኛ፣ ፍሬሜ ብረት ነው ብለሃል፣ ግን እስቲ ማግኔት አስነካው፣ የተቃጠለ ስፒከር ውስጥ ያለው ይበቃል። ከያዘ ብረት ነው፣ እንቀጥል። ካልያዘ አሉሚኒየም ነው፣ ነገሩን እዚህ ጋ ተወው። የአሉሚኒየም ፍሬም ፋብሪካ ውስጥ ከተበየደ በኋላ እቶን ገብቶ ነው ጥንካሬው የሚመለስለት። አንተ ሰፈር ውስጥ በአርጎን ብታስበይደው የብየዳው ዳርቻ ጥንካሬውን ግማሽ ያህል ያጣል፣ ላዩን ስታየው ግን ንጹህና የሚያምር ብየዳ ነው፣ ሰውን የሚያታልለውም እሱ ነው።

አሁን ወደ ኋላው። ማውንቱ ምን ያህል እንደሚሸከም በቁጥር ላሳይህ፣ በያጁም ይስማው። አንተና ሳይክሉ ከነዕቃህ 95 ኪሎ ናችሁ እንበል፣ የኋላ ፍሬን ደህና አድርገህ ስትይዝ ጎማው መሬቱን ወደ 28 ኪሎ በሚሆን ጉልበት ይጎትተዋል። የጎማው ከመሀል እስከ ዳር 330 ሚሊ ነው፣ ፓዱ ዲስኩን የሚነክሰው ግን ከመሀል 72 ሚሊ ገደማ ላይ ነው፣ ስለዚህ ካሊፐሩ ጋ ሲደርስ ጉልበቱ ከአራት እጥፍ ተኩል በላይ ሆኖ ወደ 130 ኪሎ ይጠጋል። አንድ ወፍራም ሰው እዛች ቁራጭ ላሜራ ላይ ቆሞ በየፍሬኑ ሲዘል አስበው። ከእንጦጦ እስከ ሽሮሜዳ ስንቴ ፍሬን ትይዛለህ?

ይሄን የምለው አይቼ ነው። አንድ ልጅ ሳይክሉን በእጁ እየገፋ ወደ እኔ አመጣው፣ የኋላ ጎማው አልዞር ብሎ። ሌላ ቦታ ማውንት አስበይዶ ነበር፣ ላሜራው ከመቀመጫው ወደ ኋላ ጎማ የሚወርደው ቀጭን ቱቦ ላይ ብቻ ነው የተለጠፈው። ብየዳው ራሱ ምንም አልሆነም፣ ቱቦው ግን ልክ ብየዳው የሚያልቅበት ጋ እንደተረገጠ ጣሳ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ካሊፐሩም አብሮ ዞሮ ዲስኩን ነክሶታል። ቀለሙን በጥፍሬ ስፈቀፍቀው ከስሩ የፀጉር ያህል መስመር አለ፣ መስመሩ ውስጥ ቡናማ ዝገት። የዛገ ስንጥቅ ማለት የዛን ቀን የተሰነጠቀ አይደለም፣ ዝናብ መትቶት ከርሟል ማለት ነው። ልጁ ለጥ ያለ መንገድ ላይ ስለነበር ተረፈ፣ ቁልቁለት ላይ ቢሆን ኖሮ ምን እንደሚሆን ለማሰብም አልፈልግም።

ስለዚህ ጉልበቱ ቀጭኑ ቱቦ ላይ ብቻ እንዳያርፍ ማድረግ አለብህ። የኋላ ፔርኖው የሚገባበትን ወፍራም ላሜራ ታውቀዋለህ አይደል፣ ድሮፕአውት የሚሉትን፣ እሱ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሚሊ ውፍረት አለው፣ ማውንትህ ዋና ብየዳው እሱ ላይ ይሁን። ወደ ላይኛው ቱቦ፣ ከመቀመጫው ወደሚወርደው ቀጭኑ፣ የሚደርሰው ክፍል ድጋፍ ብቻ ነው። ከዛ በላይኛው ቱቦና ከፔዳሉ በሚመጣው በታችኛው ቱቦ መካከል አንድ አጭር ድጋፍ ቱቦ አስገባ፣ 12 ሚሊ ይበቃል፣ ከካሊፐሩ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ይሄ ነው ላይኛው ቱቦ እንዳይጎብጥ የሚይዘው። ብዙ ሰው ይሄን ድጋፍ ይዘለዋል፣ እባክህ አንተ አትዝለለው።

ለማውንቱ 5 ወይም 6 ሚሊ ላሜራ ቁራጭ ምናለሽ ተራ አታጣም። ሁለት ቀዳዳ ነው ያለው፣ ከመሀል እስከ መሀል 51 ሚሊ፣ ባለ 6 ቡሎን የሚያሳልፍ፣ ጥርስ አይፈልግም፣ ቡሎኑ ከጎን ነው የሚገባው። ያንተ ካሊፐር ቀዳዳዎቹ 74 ሚሊ ከተራራቁ ከ51 ወደ 74 የሚያሻግር አዳፕተር ግዛ፣ 74ቱን ራሴ ልስራ አትበል፣ እሱ ጥርስ ማውጣት ይፈልጋል፣ ጥርሱ ትንሽ ከተንጋደደ ካሊፐሩ መቼም ቀጥ አይልልህም። ቀዳዳውን በትራፓኖ ስትበሳ መጀመሪያ በትንሽ ፑንታ ጀምረህ አስፋው፣ ቡሎኑ ሳይወዛወዝ ይለፍ።

አሁን ዋናው ላይ ደረስን። ብዙ በያጅ ላሜራውን በዓይኑ ገምቶ ይበይደውና ከዛ ካሊፐሩን ለማስተካከል በመዶሻ ይጀምራል፣ አንተ ተቃራኒውን ነው የምታደርገው፣ መጀመሪያ ሁሉም ነገር ተገጥሞ ፍሬኑ ተይዞ ይቁም፣ ላሜራው ራሱ ቦታውን ያገኛል። እንዴት መሰለህ፣ ጎማውን አስገባና ፔርኖውን አጥብቀው፣ ሞዞህ 135 ሚሊ መሆን አለበት፣ ፍሬምህ 130 ከሆነ ብረት ስለሆነ 5 ሚሊ ቀስ ብሎ ይከፈታል ችግር የለውም። ዲስኩን በስድስቱም ቡሎን እሰረው። ካሊፐሩን፣ አዳፕተሩንና ላሜራውን አንድ ላይ እሰርና ዲስኩ ላይ አልብሰው፣ ካሊፐሩ ወደ ግራና ቀኝ የሚንሸራተትባቸው ረዘም ያሉ ቀዳዳዎች መሀል ላይ አድርገው፣ በኋላ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ማስተካከያ እንዲኖርህ። ከዛ በፓዱና በዲስኩ መካከል በሁለቱም በኩል የተፋቀ የሞባይል ካርድ አስገባና የፍሬኑን እጀታ ጨብጠህ በካላማዳርያ ቁራጭ እሰረው። በቃ፣ ካሊፐሩ ዲስኩን ነክሶ ራሱን ቀጥ አድርጎ ቆመ። በካቮ የሚሰሩት ብዙዎቹ የሚንቀሳቀሰው አንድ ፓዳቸው ብቻ ስለሆነ የማይንቀሳቀሰውን ፓድ ማስተካከያ አስቀድመህ መሀል ላይ አምጣው።

እንደዚህ ነክሶ እያለ ካሊፐሩን በፔርኖው ዙሪያ አሽከርክረህ ላሜራው ድሮፕአውቱንም ላይኛውን ቱቦም የሚነካበት ቦታ ፈልግ። ሦስት ነገር ተመልከት፣ ፓዱ ሙሉ በሙሉ ዲስኩ ላይ ማረፉን፣ የዲስኩ ጠርዝ ካሊፐሩን ውስጡን አለመንካቱን፣ ዲስኩ ከታችኛው ቱቦ ቢያንስ 3 ሚሊ መራቁን። ላሜራውን ከመቁረጥህ በፊት በካርቶን ሞክረው፣ እኔ እስካሁን በመጀመሪያው ካርቶን የገጠመልኝ የለም፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ነው የምቆርጠው፣ ከዛ ነው ወደ ብረቱ የምሄደው። ቦታውን ከተገጠመው ዕቃ ላይ ስለምትወስደው የትኛውም አዳፕተር ይሆንሃል፣ ግን ከዛ በኋላ ያው አዳፕተርና ያው የዲስክ መጠን ነው፣ ነገ ልቀይረው ብትል አይገጥምም።

ብየዳው ላይ ለበያጁ እንዲህ በለው። ቀለሙ ሦስት ሴንቲ ዙሪያውን ተፍቆ ብረቱ ያብረቅርቅ። ኤሌክትሮዱ ባለ 2 ሚሊ ይሁን፣ ከ40 እስከ 60 አምፔር፣ ወፍራሙ ኤሌክትሮድ ቱቦውን ይበሳዋል። የብየዳው መሬት መያዣ ፍሬሙ ላይ፣ ብየዳው አጠገብ ይያዝ እንጂ ጎማው ላይ እንዳይሆን፣ ከረንቱ በሞዞው ካለፈ ኩሽኔታውን ይጎዳዋል። ዲስኩን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑት። መጀመሪያ ሦስት አራት ቦታ በነጥብ ብቻ ይያዘው፣ እጀታውን ፍቱ፣ ካርዱን አውጡ፣ ጎማውን አሽከርክሩ። ነካ ነካ ካደረገ ነጥቡን በግራይንደር ቆርጦ መድገም አሁን ቀላል ነው፣ በኋላ አይደለም።

ከተስተካከለ ጎማውንም ካሊፐሩንም አውጡና በምትኩ አሮጌ ፔርኖ በውስጥም በውጭም በዳዶ ልክ 135 ላይ አጥብቃችሁ እሰሩ። ይሄን ካላደረጋችሁ ብየዳው ሲቀዘቅዝ ድሮፕአውቱን ይስበዋል፣ ያ ሁሉ ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው። ከዛ አንድ ሴንቲ፣ እረፍት፣ በሌላው በኩል አንድ ሴንቲ፣ እረፍት። ውሃ እንዳያፈሱበት፣ በራሱ ይቀዝቅዝ። ቀጭኑ ቱቦ ላይ ብየዳው በቱቦው ርዝመት ይሂድ እንጂ ቱቦውን እንደ ቀለበት አይሻገረው፣ ከላይ የነገርኩህ ስንጥቅ የጀመረው ከተሻጋሪ ብየዳ ነው። በጋዝ በነሐስ የሚበይድ ሰው ካገኘህ ደግሞ ለቱቦው እሱን እመርጣለሁ፣ ነሐሱ የሚቀልጠው ብረቱ ከሚቀልጥበት በጣም ዝቅ ባለ ሙቀት ስለሆነ ቱቦውን አይበላውም።

ከቀዘቀዘ በኋላ አንቲረስት ቀባው፣ ሲደርቅ ዕቃውን ግጠም። የቪ ብሬክህ እጀታ ለማውንቴን የካቮ ካሊፐር ይሆናል፣ የሚስበው የካቮ ርዝመት አንድ ነው፣ አዲስ አትግዛ። የማውንቱን ቡሎኖች 8.8 የተጻፈባቸውን ተጠቀም። ዲስኩን በአልኮል ጥረገው፣ የቅባት እጅ እንዳይነካው። ወዲያው ወደ እንጦጦ አትውጣ። መጀመሪያ ፍሬኑን ይዘህ ሳይክሉን ወደ ፊት በኃይል ግፋው፣ ጓደኛህ ቁጭ ብሎ ቱቦውን ይይ፣ ከተንቀሳቀሰ ድጋፉ አልሰራም ማለት ነው። ከዛ ለጥ ያለ ቦታ ላይ ትንሽ ፈጠን እያልክ 20 ወይም 30 ጊዜ ሙሉ ሳትቆም ፍሬን እየያዝክ ልቀቅ፣ ፓዱና ዲስኩ የሚላመዱት እንደዛ ነው፣ መጀመሪያ አልያዘም ብለህ አትደንግጥ።

ከሳምንት በኋላና ከዛም በየወሩ አንድ ነገር አድርግልኝ። የብየዳውን ዳርቻ ነጭ ጋዝ ቀባው፣ አምስት ደቂቃ ጠብቀህ በደረቅ ጨርቅ ጥርግ አድርገው፣ ከዛ ጠመኔ ፈጭተህ ነስንስበት። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የገባው ጋዝ ወጥቶ ጠመኔው ላይ ቀጭን እርጥብ መስመር ያሰምራል። መስመር ካየህ በዛ ሳይክል አንድ ሜትርም አትንዳ፣ እየገፋህ አምጣው።