የአንባብያን ጥያቄዎች፦ የመስቀል ወፍ የት ትከርማለች?

ጥያቄ፦ ክቡር የዓምዱ አዘጋጅ፣ የማስተምረው ከደባርቅ ወጣ ብሎ በሚገኝ የገጠር ትምህርት ቤት ነው። ተማሪዎቼ የመስቀል ወፍ ከመስቀል በኋላ ወዴት እንደምትሄድ ጠየቁኝ፤ እኔም በልጅነቴ እንደተነገረኝ «ባሕር ተሻግራ ትሄዳለች» ብዬ መለስኩላቸው። አንዱ ልጅ ግን «መምህር፣ አባቴ አልሄደችም፣ ልብሷን ለውጣ ነው ይላል» አለኝ። ትክክሉ የማን ነው?
መምህር፣ ከደባርቅ አካባቢ

መልስ፦ የልጁ አባት ትክክል ናቸው። ከአደይ አበባ ጋር ቀጠሮ አላት ሲባልላት ስለኖረ፣ መስከረም ሲጠባ ከሩቅ አገር የምትመጣ፣ አደዩ ሲረግፍ ደግሞ ወደመጣችበት የምትመለስ መንገደኛ አድርገን እንቈጥራታለን እንጂ፣ የመስቀል ወፍ ዓመቱን ሙሉ ከማሳው ዳርና ከወንዙ ዳር ሣር አትርቅም። የሚለወጠው አገሯ ሳይሆን ላባዋ ነው፤ እርሱም የወንዱ ላባ ብቻ።

በቅድሚያ ግን «የመስቀል ወፍ» የአንድ ዓይነት ወፍ ብቻ መጠሪያ አለመሆኑን ማወቅ ይጠቅማል። በደምቢያ ረግረግ ዳር ያደገ ሰው ይህን ስም ሲሰማ በዓይነ ልቡናው የሚመጣለት፣ በረጅሙ ሣር ጫፍ ላይ ተቀምጦ እንደ ፍም የሚያበራው ቀይና ጥቁር ወፍ ሊሆን ይችላል። ወደ ደጋው ወጣ ሲባል ደግሞ መላ ሰውነቱ ጥቁር፣ ትከሻውና ወገቡ ቢጫ የሆነው ይታያል። ከገዛ ሰውነቱ የሚረዝም ቀጭን ጥቁር ጅራት እያርገበገበ የሚበረውን፣ ምንቃሩ ቀይ የሆነውን ትንሽ ወፍ በዚሁ ስም የሚጠሩም አሉ። ሦስቱም ዝርያቸው ይለያይ እንጂ ጠባያቸው በአንድ ነገር ይገጥማል፤ ወንዶቹ የሚያጌጡት ለመራቢያቸው ወራት ብቻ ነው።

ክረምቱ ገብቶ ሣሩ ቁመት ማውጣት ሲጀምር፣ በወንዱ ሰውነት ውስጥ የሚመነጨው ሆርሞን ይጨምርና ቡናማው ላባ እየረገፈ በደማቁ ይተካል። ጌጡ ሴቶችን ለመሳብና ሌሎች ወንዶችን ከክልሉ ለማራቅ ነው። አንዱ ወንድ ከበርካታ ሴቶች ጋር ስለሚራባ ፉክክሩ ቀላል አይደለም፤ በመስከረም ማለዳ ላባውን ነፍቶ እንደ ኳስ ክብ ሆኖ ከሣር ሣር ሲንጓለል የምናየው ለእኛ በዓል ድምቀት ሳይሆን ለዚሁ ጉዳይ ነው። ወቅቱ የተመረጠበትም ምክንያት ግልጽ ነው፤ ጎጆው የሚሠራው ከቁመታም ሣር መካከል ነው፣ ጫጩቶቹ የሚያድጉትም ነፍሳትና ለጋ የሣር ፍሬ በበዛበት ጊዜ ነው። አደይ አበባም የምትፈካው በዚያው በዝናቡ ምክንያት ስለሆነ፣ ቀጠሮ የተባለው ነገር ሁለቱም ለአንድ ክረምት የሚታዘዙ መሆናቸው ነው።

መራባቱ ሲያበቃ ወንዱ ጌጡን ይጥልና መስመር መስመር ያለው ቡናማ ላባ ይለብሳል፤ ያኔ ከሴቷም ሆነ ከተራ ድንቢጥ ለመለየት ይቸግራል። ከዚያ በኋላ በመንጋ ሆነው እህል ፍለጋ ይሰማራሉ። እኔ ራሴ በልጅነቴ፣ በኅዳር ማማ ላይ ተቀምጬ ማሽላ ስጠብቅ በወንጭፍ አባርራቸው ከነበሩት ቡናማ ወፎች መካከል፣ ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ በፊት «የመስቀል ወፍ መጣች» እያልኩ የጨፈርኩላት እንደነበረች ያወቅሁት ጎልማሳ ከሆንኩ በኋላ ነው።

ተማሪዎችዎ ይህን በዓይናቸው ሊያረጋግጡት ይችላሉ። በታኅሣሥ ወይም በጥር፣ ከአውድማው አጠገብ የሚለቅም የወፍ መንጋ ሲያገኙ ሳይቸኩሉ ይጠጉና ሲነሣ ይመልከቱት፤ ቢጫ ወገብ ያለው ዝርያ ወንዱ ቡናማ ከለበሰ በኋላም የወገቡና የትከሻው ቢጫ አይጠፋም፣ ክንፉን ሲዘረጋ ብልጭ ይላል። ባለረጅም ጅራቱም ጅራቱን ይጥላል እንጂ ቀይ ምንቃሩን አይለውጥም። (ይህ የመጨረሻው ሌላም አመል አለው፤ ሴቷ ጎጆ መሥራት አትወድም፣ እንቁላሏን በሌላ ትንሽ ወፍ ጎጆ ውስጥ ትጥልና ማሳደጉን ለባለጎጆዋ ትተዋለች።)

«ባሕር ተሻግራ» ያሉትም ቢሆን ያለ ቦታው ዋለ እንጂ ከንቱ ቃል አይደለም። በመስከረምና በጥቅምት ከአውሮፓና ከእስያ ተነሥተው ወደ እኛ የሚመጡ ብዙ ወፎች አሉ። ከግጦሽ ከብት እግር ሥር እየተሯሯጠች ጅራቷን ላይ ታች የምትወዘውዘው ሆደ ቢጫዋ ቀጭን ወፍ አንዷ ናት። እርሷና መሰሎቿ በጋውን እዚህ ከርመው በመጋቢትና በሚያዝያ ይመለሳሉ፤ ስለዚህ የመስቀል ወፍ «ሄደች» በምንልበት ወር እውነተኞቹ መንገደኞች ገና መግባታቸው ነው።

ጥያቄ፦ እኔ በጃናሞራ በግ አርቢ ነኝ። በገደሉ አፋፍ የሚዞር፣ አጥንት ይዞ ሽቅብ ወጥቶ ከዐለት ላይ የሚጥል ትልቅ አሞራ አለ። በጎች በሚወልዱበት ሰሞን ከመንጋው አይርቅም። ጎረቤቶቼ ግልገል ይነጥቃል፣ መገደል አለበት ይላሉ። እርስዎ ምን ይላሉ?
አርሶ አደር፣ ከጃናሞራ

መልስ፦ አባታችን፣ እባክዎ አይንኩት፤ ጎረቤቶችዎንም ይምከሩልን። የገለጹልን ከምንቃሩ ሥር ጥቁር ጢም የተንጠለጠለበት፣ ክንፉ ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ2 ሜትር ከ30 የማያንሰው ጢማሙ ጥንብ አንሣ ነው። ሲበር ክንፉ ጠባብና ሹል፣ ጅራቱም እንደ ማረሻ ጫፍ የሾለ ስለሆነ ክንፈ ሰፊ ከሆኑት ከሌሎቹ አሞሮች ይለያል።

የዚህ አሞራ ዋና ምግብ አጥንት ነው። ሌሎቹ ሥጋውን ጨርሰው ሲሄዱ እርሱ መጥቶ የተረፈውን ይለቅማል፤ የሚዋጠውን እንዳለ ይውጣል፣ ያልተዋጠለትን ደግሞ እርስዎ እንዳዩት ከፍ ብሎ ከዐለት ላይ እየጣለ ይሰባብረዋል። እምቢ ካለው ደጋግሞ ይጥለዋል። የሆዱ አሲድ እጅግ ብርቱ በመሆኑ አጥንቱ በአንድ ቀን ገደማ ይፈጫል። የደረቱ ዝገት መሳይ ቀለምም ከተፈጥሮው አይደለም፤ ብረት ባለበት ጭቃና ምንጭ እየተንከባለለ ራሱ የሚቀባው ነው።

በወሊድ ሰሞን ከመንጋው የማይርቀው የእንግዴ ልጁንና ሞቶ የተወለደውን ፍለጋ ነው። ግልገል ጠፍቶ እርሱ በአቅራቢያው ስለታየ ጥፋተኛ ይባላል፤ ከመፍረድዎ በፊት ግን ጠዋት ወደ በረቱ ሄደው የቀበሮ ዱካ መኖሩን ይመልከቱ፤ ከአዳኝ ንስሮችም መካከል ግልገል የሚያነሡ አሉ። በዓመት አንድ ወይም ሁለት እንቁላል ይጥላል፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳድገውም አንድ ጫጩት ብቻ ነው፤ ጫጩቱም ለመራባት ብዙ ዓመታት ስለሚፈጅበት፣ በአንድ ቀን ቁጣ የተገደለውን ለመተካት ረጅም ጊዜ ይጠይቃል።

ከድንጋይና ከጥይት ይልቅ የከፋው ግን መርዝ ነው። ለጅብ ወይም ለውሻ ተብሎ የተመረዘ ሥጋ በሰማዩ ላይ ያለውን አሞራ ሁሉ ይጠራና ይፈጃል። የመድኃኒቱም ነገር እንዲሁ ነው። በደቡብ እስያ ለከብት ሕመም ማስታገሻ ይሰጥ የነበረው ዳይክሎፌናክ በሞቱት ከብቶች ሥጋ ውስጥ እየቀረ ጥንብ አንሣዎችን ኩላሊታቸውን ስለገደለ፣ በሕንድ አንዱ ዝርያ በ15 ዓመት ውስጥ ከ99 በመቶ በላይ አልቋል፤ ሕንድ፣ ፓኪስታንና ኔፓል ለከብት የሚሆነውን ማምረት የከለከሉት እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። የእንስሳት ሐኪም በሚመጣበት ጊዜ አሞሮችን እንደማይጎዳ የተረጋገጠውን፣ ሜሎክሲካም የተባለውን ማስታገሻ ይጠይቁት።

ጥያቄ፦ በጎንደር ከተማ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ወፎችን መመልከት እፈልጋለሁ፤ ነገር ግን ባይኖኩላር (የሩቅ ማያ መነጽር) የለኝም፣ ወደ ስሜን ተራሮችም መሄድ አልችልም። ከየት ልጀምር?
ተማሪ፣ ከጎንደር

መልስ፦ እህቴ፣ ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር ጀምሪ። በደብረ ብርሃን ሥላሴም ሆነ በቁስቋም ያረጁ ዛፎች አሉ፤ ወይራና ጽድ ባለበት ወፍ አይጠፋም። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ ይመረጣል። የቅዳሴ ሰዓት አይሁን፣ ቄሰ ገበዙንም አስፈቅጂ። ውኃ ወፍ ማየት ስትፈልጊ ወደ አንገረብ ግድብ ውረጂ።

ለመጀመሪያ ሁለት ወፎችን እመርጥልሻለሁ። አንደኛው ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋዎች ብዙም የማይርቀው፣ ምንቃሩ እንደ መጥረቢያ የደነደነ፣ ከማጅራቱ ነጭ ምልክት ያለበት ትልቁ ቁራ ነው፤ እርሱን ለማየት መነጽር አያስፈልግሽም። ሁለተኛዋ በተከዜ ወንዝ ስም የተሰየመችው፣ እሬት ሲያብብ ከአበባው ማር የምትመጥ ወፍ ናት። ወንዱ ከሩቅ ጥቁር ይመስላል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ግን ሐምራዊ ሆኖ ያበራልና ፀሐይን ከጀርባሽ አድርገሽ ቁሚ።

ገንዘብ ሲገኝ የምትገዢው ባይኖኩላር «8 በ42» የሚል ቢሆን ይሻላል፤ 8 አጉልቶ የሚያሳይበት እጥፍ ነው፣ 42 ደግሞ የፊተኛው ሌንስ ስፋት በሚሊ ሜትር። እስከዚያ ግን ደብተርና እርሳስ ይበቃል። ስሙን ባታውቂውም ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተቀመጠበትን ዛፍና ሲሠራ ያየሽውን ጻፊና ላኪልን፤ ስሙን አብረን እንፈልጋለን።